ጸብ ወደ ደም እንዳይሄድ፦ የሰፈር ገላጋዮች ቡድን እንዴት ይቋቋማል፣ እንዴትስ ይሠራል

ሰፈር ውስጥ ሰው የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ በድንገት በመጣ ነገር አይደለም። ከጩቤው በፊት ስድብ አለ፤ ከስድቡ በፊት ያልተከፈለ ዕዳ፣ የተወሰደ ስልክ፣ በሰው ፊት የደረሰ ውርደት አለ። ይህን ሁሉ ፖሊስ ከመስማቱ በፊት የሰፈሩ ሰው ሰምቶታል። ከጥቃት ሁሉ ደግሞ ቀድሞ የሚታወቀው በቀል ነው፦ ማን እንደተናደደ፣ በማን ላይ እንደተናደደ፣ ብዙ ጊዜም የት እንደሚጠብቀው የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ስለዚህ አቅሙ ትንሽ የሆነ የሰፈር ቡድን ከሁሉ በፊት ጉልበቱን በዚህ ላይ ማዋል አለበት።

ጌሪ ስለትኪን የተባለ ሐኪም በሶማሊያ የስደተኞች ካምፖች ከሳንባ ነቀርሳና ከኮሌራ ጋር ሲታገል ቆይቶ ወደ አሜሪካ ሲመለስ፣ የተኩስ ጥቃትም እንደ ወረርሽኝ ከሰው ወደ ሰው እንደሚዛመት አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ2000 በቺካጎ አንድ ሰፈር የተጀመረው ሥራ ከዚህ የተነሳ ነው፦ ሊነሳ ያለን ጸብ ቀድሞ ማቋረጥ፣ በጣም የተጋለጡትን ጥቂት ሰዎች ተከታትሎ መርዳት፣ «ካልመለስኩ ወንድ አይደለሁም» የሚለውን አስተሳሰብ ማዳከም። ከዚያ ወዲህ አሠራሩ በብዙ አገር ተሞክሯል። ውጤቱ ግን አንድ አይደለም። በአሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ በአንዳንድ ሰፈር ጥቃት ሲቀንስ በሌላው ለውጥ አልታየም። ፒትስበርግ ላይ የተሞከረ ተቀራራቢ ፕሮግራም ሲገመገም ግድያ አልቀነሰም፤ ከባድ ድብደባ ጭራሽ ጨምሮ ተገኘ። በጎ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፤ ያለ ጥንቃቄ የሚሠራ ቡድን ነገር ሊያባብስም ይችላል።

ማን ይግባ

ዳር እስከ ዳር በእግር ሩብ ሰዓት ለሚወስድ ሰፈር ስድስት ሰው ጥሩ ቁጥር ነው። ከአራት ካነሱ ሌሊት የሚተካካ አይኖርም፤ ከስምንት ከበለጡ ምስጢር መጠበቅ ይከብዳል።

ብዙ ቡድኖች የሚሳሳቱት ገና እዚህ ላይ ነው። የሚመርጡት የተከበረውን ሰው ነው። የተከበረ ሰው ስብሰባ ላይ ይሰማል፤ የተቆጣ የ19 ዓመት ልጅ ግን ስልኩን አያነሳለትም። የምትፈልጉት ስልኩ የሚነሳለትን ሰው ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ከጸብ የማይርቁ አሥር ወጣቶችን ለየብቻ «ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ነገር ቢበላሽብህ ለማን ትደውላለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለት ሦስት ስም ይደጋገማል። ከእነዚያ ጀምሩ። ከእነርሱ መካከል ቀድሞ በጸብ የታወቀ፣ ታስሮም የወጣ ሰው ቢኖር አትሽሹት። ከዚያ ሕይወት ከወጣ ዓመታት የተቆጠሩና ምንም ያልተቋጨ ጠብ የሌለበት ከሆነ ማንም የማይገባበት ቦታ ይገባል። ሴቶች ቢያንስ ሁለት ይሁኑ። ልጁ ማታ ምን ይዞ እንደወጣ ቀድመው የሚያውቁት እናትና እህት ናቸው፤ እነርሱም ለሴት ነው የሚናገሩት።

በሰፈሩ ውስጥ ገና የሚከሰስበት ወይም የሚከስሰው ሰው ያለው፣ ለምርጫ የሚወዳደር፣ ማታ ማታ የሚጠጣ፣ የሰማውን ሳያወራ የማያድር ሰው አይግባ። የመጨረሻው ከሁሉም የከፋ ነው። አንድ ጊዜ «ለእነርሱ ከነገርከው ይወጣል» ከተባለ ቡድኑ አበቃለት።

ማንም ብቻውን አይሄድም። ሁሌም ሁለት ሁለት ሆናችሁ ውጡ፦ አንዱ ሲያወራ ሌላው ዙሪያውን ያያል፤ የመጨረሻውን ቃል ግን የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው።

የሰፈሩ ካርታ

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ሳምንት ለዚህ ስጡ። በትልቅ ወረቀት ላይ መንገዶቹን በእጅ ሥሉ፤ ባለፈው አንድ ዓመት ጸብ የተነሳበትን ቦታ ሁሉ በነጥብ አመልክቱ፣ አጠገቡም ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ። ነጥቦቹ እኩል አይበተኑም። በጥቂት ማዕዘኖችና በጥቂት ሰዓቶች ይከማቻሉ፦ መጠጥ ቤት ሲዘጋ፣ ደመወዝ በወጣበት ማታ፣ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ፣ ከኳስ ጨዋታ በኋላ። ሰዎቹም እንዲሁ ጥቂት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ቦስተን ላይ ሲጠና፣ ከከተማዋ ወጣቶች 1 በመቶ የማይሞሉ የወሮበላ ቡድን አባላት ቢያንስ ከ60 በመቶው የወጣቶች ግድያ ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል። ሰፈሩን በሙሉ ለመምከር መሞከር ስለዚህ ድካም ነው፤ ሃያ ሠላሳ ሰው በደንብ ማወቅ ይበልጣል።

የፖሊስ መዝገብ ብቻውን አይበቃችሁም። በዌልስ ካርዲፍ የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም የሆነው ጆናታን ሼፐርድ ተደብድበው ድንገተኛ ክፍል ከሚመጡት ብዙዎቹ በፖሊስ መዝገብ እንደሌሉ አሳየ፤ ከዚያ በመነሳት ሆስፒታሎች የተጎጂውን ስም ሳይጠቅሱ ቦታውን፣ ሰዓቱንና መሣሪያውን ብቻ የሚያካፍሉበት አሠራር ተዘረጋ። እናንተም በአቅራቢያችሁ ያለውን ጤና ተቋም እነዚህን ሦስት ነገሮች ብቻ ጠይቁ። ከዚያ በላይ ከጠየቃችሁ እምቢ ይሏችኋል፤ ልክም ናቸው።

ካርታው ላይ የሰው ስም በጭራሽ አይጻፍ። ወረቀት ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ፎቶ ይነሳል። ስም የሰፈረበት ወረቀት በተሳሳተ እጅ ከገባ ሰው ያስገድላል።

ቀድመው የሚታዩ ምልክቶች

አንድ ልጅ ሁልጊዜ የሚሄድበትን መንገድ ይቀይራል። ማታ ማታ አብረው ይቀመጡ የነበሩ ሰዎች ሁለት ቦታ ይከፈላሉ። የማይታወቅ ሰው መጥቶ «እገሌ ስንት ሰዓት ይገባል?» ብሎ ይጠይቃል። በስልክ የስድብ ቪዲዮ ይዞራል፤ አስተያየቱ ውስጥ የቦታ ስም መጠራት ሲጀምር ነገሩ ከስድብ አልፏል ማለት ነው። አንዲት እናት ታናሽየውን ዘመድ ቤት ትልካለች። ከሁሉ የሚያስጠነቅቀው ደግሞ ትናንት ሲዝት የነበረ ሰው ዛሬ ድንገት ዝም ማለቱ ነው። የሚዝት ሰው ገና ሰው እንዲይዘው ይፈልጋል፤ ዝም ያለው ወስኖ ሊሆን ይችላል።

ከነዚህ አንዱ ብቻ ሲታይ በዓይን ተከታተሉ። ሁለት አንድ ላይ ሲታዩ የዚያኑ ቀን ሄዳችሁ አነጋግሩ።

ሰው ሲጎዳ፦ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

ጥሪ የሚቀበል አንድ ስልክ ይኑር፤ ተረኛው ይያዘው። ተረኛው ሦስት ጥያቄ ብቻ ይጠይቅ፦ ማን ተጎዳ? ማን አየ? በዚህ የሚቆጣው ማን ነው? «ማን አደረገው?» ብሎ አይጠይቅ። ያ የመርማሪ ጥያቄ ነው፤ መልሱን ማወቅ እናንተን ምስክር ያደርጋችኋል፣ ደዋዩንም ያስፈራል።

ደም የሚፈስ ከሆነ ድንገተኛ አገልግሎት እየተጠራ ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጎ በሙሉ ጉልበት መጫን ነው። ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳያነሱ፤ «ቆመ ወይ» ብሎ ማየት የረጋውን ደም ይፈታዋል። ከእጅ ወይም ከእግር የሚፈሰው አልቆም ካለ ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ በሰፊ ማሰሪያ አጥብቆ ማሰርና የታሰረበትን ሰዓት መጻፍ ያስፈልጋል። የተሰካ ጩቤ አይነቀልም። ይህን ስድስቱም በእጃቸው ይለማመዱት።

ከዚያ ሦስት ሥራ በአንድ ጊዜ ይጀመራል። አንዱ ጥንድ ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ ቤተሰቡና ጓደኞቹ የሚሰበሰቡት፣ «ማን ነው? እንሂድ!» የሚባለውም እዚያው በር ላይ ነው። ሌላው ጥንድ የተጎጂው የቅርብ ጓደኞች ወደሚውሉበት ይሂድ። ሦስተኛው ጥንድ ወሬውን ይያዝ። በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ የተጎዳው ሰው «ሞተ» መባሉ፣ ያላደረገ ሰው ስም መጠራቱ የተለመደ ነው፤ ብዙ በቀልም በተሳሳተ ሰው ላይ የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው። አንዱ ከሌላው ካልሰማ ሁለት ምንጮች ሳትሰሙ ምንም አታረጋግጡ። የምትናገሩትም አጭር ይሁን፦ «በሕይወት አለ፣ ሕክምና ላይ ነው። ማን እንደሆነ አልታወቀም። ስም የሚጠራ ሰው ካለ ከማን እንደሰማ ጠይቁት።»

ተጠርጣሪ ወደተባለው ቤት ተሰብስቦ መሄድ ትልቅ ስሕተት ነው። ለማስታረቅ ሄዳችሁ ቤቱን ታሳያላችሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በጣም ከባድ ናቸው፤ ቀንና ሌሊት ተራ ይዛችሁ አሳልፏቸው። ከዚያ በኋላም ነገሩ አልቋል አትበሉ። የሚመለሱ ቀኖች አሉ፦ የተጎዳው ከሆስፒታል ሲወጣ፣ የቀብር ቀን፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ የታሰረው ሲፈታ፣ የሞተው ልጅ የልደት ቀን፣ ሙት ዓመቱ። እነዚህን በቀን መቁጠሪያ ላይ አስቀድማችሁ ምልክት አድርጉ፤ ከእያንዳንዱ ሁለት ቀን ቀድማችሁም ቤተሰቡን ጎብኙ።

ከተቆጣ ሰው ጋር መነጋገር

መጀመሪያ ከተመልካች አውጡት። ጓደኞቹ እያዩት የሚያፈገፍግ ሰው ጥቂት ነው። «አንድ ጊዜ ና፣ የምነግርህ አለ» ብላችሁ ሃያ ሠላሳ እርምጃ ውሰዱት። ፊት ለፊት አትቁሙ፤ በጎን፣ ሁለት ክንድ ያህል ርቃችሁ፣ እጃችሁ እየታየ፣ ለእርሱም ለእናንተም መውጫ ክፍት ሆኖ። ከተቻለ ተቀመጡ። የተቀመጠ ሰው ድምፁ ይቀንሳል።

«ተረጋጋ» አትበሉት፤ ያልተረጋጋ ሰው ይህን ሲሰማ ይብስበታል። «ይቅር በል» ገና አትበሉ፤ ወንድሙ ቀዶ ሕክምና ላይ ላለ ሰው ስድብ ነው። ስለ እስር አታስፈራሩ፤ በዚያ ሰዓት እስር አይታየውም። አስቀድማችሁ ስሙት። እስኪጨርስ ዝም ብላችሁ፣ ሃያ ደቂቃም ይሁን። ከዚያ የተናገረውን በራሱ ቃል መልሱለት፤ ሲሰማው ትክክል ከሆነ አንገቱን ይነቀንቃል፤ ወደ ሁለተኛው እርምጃ የምታልፉት ያኔ ነው። እንዲህ ሊሄድ ይችላል፦

«ተወኝ ጋሼ፣ ዛሬ ነው የማሳየው!»

«ብትናደድ እውነት አለህ። ወንድምህ ነው። እኔ የምጠይቅህ ስለ ዛሬ ሌሊት ብቻ ነው።»

«ዛሬ ካለፈ ፈርቶ ነው ይሉኛል።»

«ማን ነው የሚልህ?»

«ሁሉም።»

«ከነርሱ ውስጥ ነገ ጠዋት ሆስፒታል የሚገኘው ማን ነው? ሐኪሙ የቤተሰብ ፊርማ ቢፈልግ፣ መድኃኒት የሚያመጣ ሰው ቢጠፋ፣ እናትህ ብቻዋን ናት። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በር ላይ እጠብቅሃለሁ፣ አብረን እንገባለን። እስከዚያ ድረስ ቃል ስጠኝ።»

የተጠየቀው ትንሽ ነው፦ እስከ ጠዋት። «ዳግመኛ አላደርግም» የሚል ቃል በንዴት ሰዓት ዋጋ የለውም፤ «እስከ ጠዋት አንድ ሰዓት» ግን ይጠበቃል። ጠዋት ሲደርስ እስከ ማታ ትጠይቁታላችሁ። «ፈራ ይሉኛል» ለሚለው ደግሞ ምክንያት ስጡት፤ «ጋሼ ለመኑኝ፣ እናቴ ለመነችኝ» ብሎ ለጓደኞቹ መናገር መቻሉ ክብሩን ሳያጣ ወደ ኋላ እንዲመለስ ያደርገዋል። ቃል የገባችሁበት ሰዓት ላይ አምስት ደቂቃ ቀድማችሁ ተገኙ። አንድ ጊዜ ከቀራችሁ ሁለተኛ አይሰማችሁም።

የሰከረ ሰው አይመከርም። ወደ ቤት ይወሰዳል፣ ውሃ ይጠጣል፣ የሚያምነው ሰው አጠገቡ ያድራል። መሣሪያ ካለ እናንተ አትቀበሉ፣ አታስቀምጡም፤ በሕግ ያስጠይቃችኋል፣ ጠላቶቹም «መሣሪያ ያዥ» ያደርጓችኋል። ከቤት እንዲርቅ ከቤተሰቡ ጋር ተነጋገሩ፤ ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ የማስረከቡን ነገር እነርሱ ይጨርሱት። መሣሪያ ከተመዘዘ ደግሞ ንግግሩ አብቅቷል። ልጆቹን አሸሹ፣ ራቁ፣ ፖሊስ ጥሩ። መሐል ገብቶ መቆም ጀግንነት አይደለም።

ሁለቱን ወገን ማገናኘት

አትቸኩሉ። መጀመሪያ በየተራ፣ በየቤታቸው ተመላለሱ። ሁለቱም ቢያንስ በአንድ ነገር፣ ለምሳሌ ነገሩ ወደ ታናናሾቹ እንዳይደርስ፣ ተስማምተው ሳይጨርሱ ፊት ለፊት አታስቀምጧቸው። ሲገናኙም ቦታው የማንም ያልሆነ ይሁን፤ ከእያንዳንዱ ወገን ሦስት ሰው ይብቃ፤ ስልክ ውጭ ይቅር፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አይቆይ።

ስምምነቱ የሚታይና የሚቆጠር ነገር ይሁን። «እንከባበራለን» የሚል ስምምነት መቼ እንደፈረሰ አይታወቅም። «ቪዲዮው ዛሬ ማታ ይጠፋል፤ ለአንድ ወር በዚያኛው መንገድ አላልፍም፤ አንዱ ስለ ሌላው ሲጠየቅ ‹አልቋል› ብሎ ይመልሳል» የሚለው ይታወቃል። በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱና በወሩ ሁለቱንም ለየብቻ ጠይቁ። የጸቡ ምክንያት ገንዘብ ከሆነ የክፍያ ቀን አስወስኑ እንጂ ከቡድኑ ገንዘብ አትክፈሉ። አንድ ጊዜ ከከፈላችሁ ለገንዘብ ሲባል የሚፈጠር ጸብ ይመጣል።

ሽምግልና የማይገባበት ቦታ

ባል ሚስቱን ሲደበድብ፣ ልጅ ሲደፈር፣ አስገድዶ መድፈር ሲደርስ ይህ አሠራር አይሠራም፤ መሞከርም የለበትም። በእኩል መካከል ያለ ጸብ አይደለም። አጥቂውንና ተጎጂዋን አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ «ተስማሙ» ማለት ከወጡ በኋላ የሚደርስባትን መጋበዝ ነው። እዚህ የቡድኑ ሥራ ተጎጂዋን ብቻዋን ማነጋገር፣ ደህና ማደሪያ፣ ሕክምናና የሕግ ድጋፍ ማገናኘት ነው። አንቋት የሚያውቅ ከሆነ፣ ምልክት ባይኖርባትም፣ የመገደል አደጋዋ በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ትታው ለመሄድ የምትነሳበት ጊዜም በጣም አደገኛው ነው። ስለዚህ «ዛሬውኑ ውጪ» ብላችሁ አታጣድፏት፤ ሰነዷን፣ የልጆቿን ልብስ፣ የመሄጃ ሰዓቷን አብራችሁ አዘጋጁ፤ ጊዜውን እርሷ ትወስን።

ከፖሊስ ጋር

ከመጀመሪያው ቀን ግልጽ ውል ይኑር። ቡድኑ የጸበኞችን ስም አይሰጥም፤ ፖሊስም በቡድኑ ስብሰባ ላይ አይገኝም፣ ከቡድኑ አባላት ጋር በአደባባይ ቆሞ አያወራም። አንድ ኃላፊ ከአንድ የቡድኑ ሰው ጋር ብቻ ይገናኝ። ሰላይ የተባለ ገላጋይ ጆሮ ያጣል፤ ለራሱም ሕይወት አደገኛ ነው።

ይሁን እንጂ ፍጹም ምስጢር ቃል አትግቡ። በሰው ሕይወት ላይ የታቀደና የማይመለስ ነገር ስትሰሙ፣ ወይም ሕፃን አደጋ ላይ ሲሆን፣ ትናገራላችሁ። ይህን ሰው ከመናገሩ በፊት ንገሩት፦ «ሰው ሊገደል መሆኑን ከነገርከኝ ዝም አልልም፤ ሌላው ከእኔ ጋር ይቀራል።» አብዛኛው ሰው ይህን ይቀበላል። አንዳንዱም የሚናገረው እንድታስቆሙት ፈልጎ ነው።

ቦታውንም መለወጥ

ካርታው ላይ ነጥብ የበዛባቸውን ማዕዘኖች ተመልከቱ። ፊላደልፊያ ውስጥ ባዶ የቀሩ ቦታዎች ቆሻሻቸው ተነስቶ፣ ሣርና ጥቂት ዛፍ ተተክሎ፣ በአጭር የእንጨት አጥር ሲታጠሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት በድሃ ሰፈሮች የተኩስ ጥቃት 29 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ኒውዮርክ ውስጥም በመኖሪያ ሕንፃዎች ግቢ ጠንካራ መብራት ሲተከል በሌሊት ከቤት ውጭ የሚፈጸም ከባድ ወንጀል በ36 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሏል። ለእናንተም የመጀመሪያው ፕሮጀክት አንድ የጨለመ ማዕዘን ይሁን። ከአምስት ይልቅ አንዱን ጨርሱ። የሚያጸዱትም እዚያ የሚውሉት ልጆች ራሳቸው ይሁኑ።

መዝገብና እረፍት

ለእያንዳንዱ ጉዳይ አምስት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ቀን፣ ቦታ፣ ምክንያት፣ ያደረጋችሁት፣ ቀጣዩ መጠየቂያ ቀን። ሰዎቹ በቁጥር ይጠሩ፤ ቁጥሩ የማን እንደሆነ በቃል ይያዝ። በሳምንት አንድ ሰዓት ተገናኙና መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አንብቡ። «ስንት አስታረቅን?» የሚለው ቁጥር ያታልላል፤ ጸብ በበዛ ቁጥር ከፍ ይላልና። የሚሻለው «ካስታረቅናቸው ውስጥ በሦስት ወር ውስጥ ተመልሶ የተነሳው ስንት ነው?» የሚለው ነው። ጤና ተቋሙ የሚሰጣችሁንም ቁጥር ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወራት ጋር አነጻጽሩ፤ ከባለፈው ወር ጋር ማነጻጸር በበዓልና በክረምት ምክንያት ያሳስታል።

አስከሬን ያየ አባል ለሁለት ሳምንት ከሌሊት ተራ ይውጣ፤ ባይጠይቅም። እንቅልፍ ያጣ፣ በትንሽ ነገር የሚቆጣ ገላጋይ መንገድ ላይ ራሱ ጸብ ያነሳል። ቡድኑን የሚለቅ ሰው ሲኖር ደግሞ የሚያውቃቸውን ወጣቶች በስም ዝርዝር ለሌላ አያስተላልፍም። ተተኪውን ይዞ ወደ እያንዳንዳቸው በአካል ይሄዳል፣ «ከእኔ ቀጥሎ እርሱ ነው» ይላል፤ ለአንድ ወር ያህል አብረው ይወጣሉ። የጥሪው ስልክ ቁጥር ግን አይለወጥም።